መተሐራ፤ በደረቅ ምድር ያለች የባቡርና የእርሻ ከተማ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራ ሰፈር አለ። በዚህ ሰፈር የሚማር ልጅ በክረምት ጊዜ ዝናቡ ከጣሪያ ወርዶ በቦይ ሲሮጥ ዘወትር ያያል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ያ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ትንሹ አቃቂም ከትልቁ አቃቂ ጋራ በአባ ሳሙኤል ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። አዋሽ ራሱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ በቆቃ ግድብ ጥቂት ካረፈ በኋላ ወደ ቆላው ይወርዳል። እንግዲህ በዘነበወርቅ የዘነበው ውኃ ፀሐይ ካላደረቀው፣ ምድርም ካልጠጣው በቀር፣ መተሐራ በምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ማለፉ አይቀርም። ይህም ትምህርት የተጻፈው ስለዚህች ከተማ ነው።

መተሐራ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። መንገደኛው ማለዳ ከዘነበወርቅ ሲነሣ ብርዱ ኩታ ያስደርበዋል። ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፎ አዳማ ሲደርስ ኩታውን ይጥላል፤ ወለንጪቲን ካለፈ በኋላ ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዘነበወርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ደጋ ሲሆን፣ መተሐራ ግን 950 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ቆላ ነው። የጤፉ ማሳ እየሳሳ ይሄዳል፤ ባሕር ዛፉም ይቀራል፤ በምትኩ ግራርና እሾሃማ ቍጥቋጦ ምድሩን ይይዛል። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ከግማሽ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ በአገሩ የፀሐይ ኀይል ወደ ሰማይ የሚተነው ውኃ ከሚዘንበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ነገር ተማሪው በልቡ ይያዘው፤ ኋላ ለሚነገረው ሁሉ መሠረቱ ይህ ነውና።

በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ከተማ እንዴት በቀለች ቢባል፣ መልሱ የምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአማካሪያቸው ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር የማሠራት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ስላለቀና ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታትም እርስ በርሳቸው ስለተከራከሩበት ሥራው ለዓመታት ቆመ። እንደ ገና ከተጀመረ በኋላ ቆላውን አቋርጦ፣ የመተሐራን ሜዳ አልፎ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበረ፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋትም አንድ ሜትር ነበረ። አስቀድሞ ነጋዴ በበቅሎና በግመል ከአንድ ወር በላይ የሚደክምበትን ጎዳና ባቡሩ በሦስት ቀን ጨረሰው። ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኞቹ አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ያድሩ ነበር።

የዚያ ዘመን ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ነው። እንፋሎት ማለት የፈላ ውኃ ትንፋሽ ነውና፣ ባቡሩ ከጭነቱ ሌላ የሚጠጣውን ውኃ ይዞ መጓዝ ነበረበት፤ ባለቀበትም ጊዜ መሙላት ግድ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጣቢያ የሚሠሩበትን ስፍራ ሲመርጡ ከሁሉ አስቀድመው ውኃ ከወዴት ይገኛል ብለው ይጠይቁ ነበር። ጣቢያ በተሠራበት ሁሉ ደግሞ ሐዲድ ጠባቂ፣ ስልክ ተቀባይ፣ ሻይ ቤት፣ ወፍጮ፣ ሱቅ ይከተላል። ባቡሩ በቆመ ቍጥር ፍራፍሬና ወተት ይዘው በመስኮቱ ሥር የሚሯሯጡ ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ ከዚያ ሽያጭም የሚተዳደረው ቤተ ሰብ ጥቂት አልነበረም። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በናፍጣ የሚሄደው ባቡር በእንፋሎቱ ስፍራ ገባ፤ ባቡሩም ከውኃ ጥማት ዳነ። ከተማዪቱ ግን አልዳነችም።

ወደ መተሐራ ሲቀርቡ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በጥቍር ድንጋይ ላይ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ታረሰ ማሳ የተገለባበጠ፣ አንድ ሣር እንኳ ያልያዘ፣ ከሰል የመሰለ ዐለት ተዘርግቷል። ይህ ዐለት በሰሜን በኩል ከቆመው ከፈንታሌ ተራራ የፈሰሰ ነው። ፈንታሌ 2,007 ሜትር የሚደርስ የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን፣ ራሱ እንደ ድስት ጐድጓዳ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ገደማ በግርጌው ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ አፍስሷል።

ከዚህ ጥቍር ድንጋይ አጠገብ ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል፤ ስሙም በሰቃ ይባላል። እንግዳ ሰው በዚህ ደረቅ ምድር ላይ ይህን ሁሉ ውኃ ባየ ጊዜ አገሬው የታደለ ነው ብሎ ያስባል። በቀረበ ጊዜ ግን በዳርቻው ውኃ ውስጥ ቆመው የደረቁ ዛፎች ያያል። ውኃው ጨዋማና መራራ ነው፤ ለመጠጥም ሆነ ለመስኖ አይሆንም። ጥርስን የሚያበልዘውና አጥንትንም የሚጎዳው ፍሎራይድ የተባለው ነገርም በብዛት አለበት።

አስደናቂው ነገር ይህ ሐይቅ ከጥቂት ዓሥር ዓመታት በፊት ከኩሬ ብዙ የማይበልጥ መሆኑ ነው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ከዚያ ወዲህ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የግጦሽ መሬቱን ዋጠ፤ ወደ ሐዲዱና ወደ መኪናው መንገድ ተጠጋ። ሐዲዱንና መንገዱን በድንጋይና በአፈር ከፍ ማድረግ አስፈለገ፤ በኋለኞቹ ዓመታት በባቡር ያለፈ መንገደኛ ውኃውን በሁለት ወገን እያየ እንደ ጀልባ ተሳፋሪ ሆኖ ይሻገር ነበር። ውኃ ለመሙላት ተብሎ ጣቢያ የሚተከልለት ባቡር፣ ውኃ እንዳያሰጥመው ጐዳናው ከፍ ተደረገለት።

ይህ ውኃ ከወዴት መጣ? ይህን ለመረዳት ወደ እርሻው መሄድ ያስፈልጋል።

ከከተማዪቱ በስተ ደቡብ፣ አዋሽ በሚያልፍበት ወገን፣ አረንጓዴው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ይጀምራል፤ ስፋቱም 10,000 ሄክታር ያህል ነው። ይህን እርሻና የስኳሩን ፋብሪካ ያቋቋመው አስቀድሞ በወንጂ ሥራ የጀመረው የሆላንድ ኩባንያ ሲሆን፣ የመተሐራው ፋብሪካ በ1962 ዓ.ም. ስኳር ማውጣት ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ወረሰው። አገዳው ከተተከለ በኋላ እስኪደርስ ድረስ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ይቆያል። ሊቈረጥ ሲል ቅጠሉ በእሳት ይለበለባል፤ ያን ጊዜ ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ ጥቀርሻውም ከከተማው ልብስ ላይ ያርፋል። ቈራጮቹ ብዙዎቹ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጡ ሠራተኞችና የእነዚያ ልጆች ናቸው፤ ፀሐይ ሳይበረታ ለመቅደም ገና ሳይነጋ ቆንጨራቸውን ይዘው ይወጣሉ። በፋብሪካው ውስጥ አገዳው ይጨመቃል፤ ጭማቂው ይፈላል፤ ይነጠራል። ከዓሥር ኩንታል አገዳ አንድ ኩንታል ያህል ስኳር ይገኛል። የተጨመቀው ገለባ አይጣልም፤ እርሱው ራሱ ተቃጥሎ ለፋብሪካው ኀይል ይሰጣል። ይህን ብልሃት ኩበት የምታነድ እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

ይህ ሁሉ አረንጓዴ የሚኖረው በአዋሽ ውኃ ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ከተገደበ ወዲህ የክረምቱ ጐርፍ እየተያዘ በበጋ ስለሚለቀቅ፣ ወንዙ በጋውን ሙሉ ሳይነጥፍ ይወርዳል። ገበሬው ግን አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ ይህም በመተሐራ ብቻ ሳይሆን በቆላ መስኖ በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ ያለ ነው። የወንዝ ውኃ ምንም ጣፋጭ ቢሆን በውስጡ ጥቂት ጨው አለበት። ተክሉና ፀሐዩ ውኃውን ሲወስዱት ጨው አይሄድም፤ ከአፈሩ ይቀራል። ዝናብ በበዛበት በደጋ በየዓመቱ ክረምቱ አፈሩን ያጥበዋል። በቆላ ግን የሚያጥብ ዝናብ የለም። በዚህም ላይ ገበሬው ውኃ አበዛሁ ብሎ ደስ ሲለው፣ ተክሉ ያልጠጣው ትርፍ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከምድር በታች ያለውንም ውኃ ከፍ ያደርገዋል። ያ ውኃ ወደ ላይኛው አፈር በቀረበ ጊዜ፣ ላምባ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ ሁሉ፣ በአፈሩ ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና ይተናል፤ ጨውን ከላይ ትቶ ይሄዳል። ምድሩም አመዳይ የወረደበት መስሎ ነጭ ይሆናል። ጨው የበዛበት አፈር እርጥብ ቢሆንም እንኳ ሥሩ ውኃውን መሳብ ስለሚያቅተው ተክሉ በውኃ መካከል ይጠማል።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ በቀላሉ ሊያሳያቸው ይችላል። አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ግርጌውን በምስማር በስቶ ደረቅ አፈር ይሙላበት፤ ጣሳውንም ጨው በተበጠበጠበት ውኃ ሳሕን ላይ አቁሞ ከፀሐይ ያስቀምጠው። ውኃው እየጐደለ ሲሄድ እየጨመረ ጥቂት ቀን ቢጠብቅ፣ ማንም ከላይ ጨው ሳይነሰንስበት የአፈሩ ፊት ነጭ ሲሆን ይታያል።

በመተሐራም ከእርሻው አንዳንዱ ክፍል በዚህ ምክንያት ተጎድቷል። ከማሳና ከቦይ ሰርጎ የጠፋው ውኃም የበሰቃን ሐይቅ ካሳደጉት ነገሮች አንዱ መሆኑን ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ከምድር ውስጥ የሚፈልቁት ፍል ውኃዎችና የስምጥ ሸለቆው መሬት መንቀሳቀስም ድርሻ አላቸው የሚሉ አሉ። ተራራው የራሱን ሠርቷል፤ ሰውም የራሱን ጨምሮበታል ቢባል ከእውነት የሚርቅ አይመስልም። ሐይቁ በራሱ ሞልቶ ወደ አዋሽ እንዳይገነፍል በመፍራት ውኃው እየተመጠነ በቦይ ወደ ወንዙ እንዲወርድና በወንዙ ብዛት እንዲቀጥን ተደርጓል። ይህ ሥራ እጅግ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው፤ መራራው ውኃ ከልኩ አልፎ አዋሽን ቢገባ ከመተሐራ በታች ያሉት፣ የአፋር ከብት አርቢዎችና የጥጥ እርሻዎች፣ የሚጠጡትም የሚያጠጡትም ያው ወንዝ ነውና።

ስለ ከተማዪቱና ስለ እርሻው ይህን ያህል ሲነገር፣ ከባቡሩም ከስኳሩም በፊት በምድሩ ላይ የነበሩትን ሰዎች መርሳት አይገባም። እነርሱም ከረዩ የሚባሉት ኦሮሞዎች ናቸው፤ ግመልና ከብት፣ ፍየልና በግ እያረቡ ይኖራሉ። የገዳን ሥርዓት እስከ ዛሬ የጠበቁ ናቸው፤ ወንዶቹም ጠጕራቸውን ጎፈር አድርገው ያሳምራሉ። ኑሯቸው በልክ የተሠራ ነበረ። ዝናብ ሲጥል በሜዳው ይሰማሩ ነበር፤ በጋ ሲበረታ ከብታቸውን ነድተው ወደ አዋሽ ዳር ይወርዱና ወንዙ ካረጠበው ሣር ያበሏቸው ነበር። የስኳሩ እርሻ የተተከለው በዚያው በወንዙ ዳር ነው። ከእርሻው በላይ ያለውም ሜዳ ለሳላና ለሌሎች አራዊት መጠበቂያ ተከለለ፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎም በ1961 ዓ.ም. በሕግ ጸና። ሁለቱም ሥራዎች ለአገር ጥቅም ሰጥተዋል። ዳሩ ግን ከረዩ በክፉ ቀን የሚሸሽበትን መሬት አጣ። ሐይቁ ደግሞ ከቀረው ላይ ቈረሰ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ለአዋሽ ልጅም የተነገረ ይመስላል፤ ወንዙን እያየ ከብቱን የሚያጠጣበት በር የሚፈልግ ሰው በዚያ አገር አለና። በሻይ ላይ የሚጨመረው ስኳር ከወዴት እንደ መጣ የሚማር ልጅ ይህንንም አብሮ ቢማር መልካም ነው።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ያለው ምድር ለወራት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ ከመንቀጥቀጦቹም ታላቁ በየካቲት ወር በመለኪያው 6 ደርሷል። ቤቶች ተሰነጠቁ፤ ምድርም በየስፍራው ተተረተረ፤ ብዙ ዓሥር ሺህ ሰዎችም ከመንደራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። ንውጽውጽታው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ በረጃጅም ፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎች በሌሊት ደንግጠው ወጥተዋል። እንዲህ ያለው ነገር የሆነበት ምክንያት የቀለጠ ዐለት በምድር ሆድ ውስጥ መንገድ ፈልጎ ስለሚገፋ መሆኑን የመሬት አጥኚዎች ገልጸዋል። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ የቆመ ግድብም ሆነ ሐዲድ ዘወትር ተመልካች ይፈልጋል።

ስለ ሐዲድ ከተነሣ፣ የቀድሞው ባቡር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መሄዱን ካቆመ ቆይቷል። በፈንታው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከለቡ ጣቢያ ተመረቀ። ሐዲዱ ከቀድሞው የሰፋ ነው፤ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ይሆናል። በመተሐራም ጣቢያ አለው። ለቡ ከዘነበወርቅ ብዙ የማይርቅ ስለሆነ፣ የአሁን ዘመን ልጅ የባቡሩን መነሻ ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቅ ማየት ይችላል። ነገር ግን አዲሱ ባቡር ይበልጡን የሚያመላልሰው የዕቃ ጭነት ነው፤ በየጣቢያው ቆሞ ፍራፍሬ ሻጭ እንደሚጠብቅበት እንደ ቀድሞው አይደለም። በመተሐራ የሚሸጥ የሚለወጠው ዛሬ በመኪናው ጐዳና ዳር ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትና ከጅቡቲ የሚመለሱት ረጃጅም የጭነት መኪናዎች ይቆሙበታልና። ፓፓያና ሐብሐብ በየጥላው ሥር ተከምሮ ይታያል፤ ከረዩዎችም የግመል ወተት ይዘው ገበያ ይወጣሉ።

ተማሪዎቹን ይዞ ሊጐበኝ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሄድ ይመረጣል፤ ሙቀቱ ያን ጊዜ ይቀላል፤ ፋብሪካውም አገዳ የሚጨምቅበት ወራት ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ግን ጭቃው አገዳ ለማመላለስ ስለማይመች መጭመቂያው ይቆማል። ከመሄድ በፊት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የመንገዱንና የመሬቱን ሁኔታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚጠጣውን ውኃ ከቤቱ ማስያዝ ይገባል፤ በአዋሽ ውስጥ አዞ ስላለ ማንም ወደ ወንዙ ዳር ብቻውን አይውረድ።

ከዚያም ልጆቹ ሦስት ትናንሽ ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ። አንዱን ከዘነበወርቅ በታች ከትንሹ አቃቂ ይሙሉት፤ ሁለተኛውን በሰው መሪነት ከአዋሽ፣ ሦስተኛውን ከበሰቃ ዳር ይሙሉ። ማናቸውም አይቀመስ። በክፍል ውስጥ ሦስቱን በየሳሕኑ አፍስሰው ፀሐይ ላይ ቢያደርቋቸው፣ ከእያንዳንዱ ግርጌ የሚቀረውን ማነጻጸር ይችላሉ። የበሰቃው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከአቃቂው ሳሕን የሚቀረው ጥቍር ዝቃጭ ግን የመተሐራ አይደለም፤ ከፋብሪካውም ከቤቱም ከላይ ከከተማው የተጣለ ነው፤ ወንዙም ያንኑ ይዞ ወደ አዋሽ ይወርዳል።